አባቴ ብርን ውሃ ያደረጉ ጊዜ

አባቴ ብር ሠሪ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንገት መስቀል፣ ጉትቻ ወይም የእግር አልቦ ማሠራት የፈለገ ሰው የእኛን ደጅ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን ሥራው ቀዘቀዘ። ብር ያለው ብሩን ቀበረ፤ የሌለውም ጌጥ የማሠራት ልብ አጣ። አባቴ ወናፋቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ የጣሊያን መኪና ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ማየት ሥራ አደረጉት።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አንድ ጊዜ ተድሬ፣ ከባሌ ጋር ሳንስማማ ቀርተን፣ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። እቴቴ በዚያው ግቢ ውስጥ ባለች ጎጆ አረቄ ታወጣለች። አፏ እንደ አረቄዋ ነው፤ ሲገባ ያቃጥላል፣ ከገባ በኋላ ግን ሆድ ያሞቃል።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ጠዋት አንድ ጣሊያን ሾፌር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደጃችን ላይ ቆመ። ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ወታደር ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ጡረታ በወጣ ነበር ትላለህ። አማርኛውን ከየመንገዱ ስለለቃቀመው ወንድና ሴት አይለይም።

"አንቺ ብረት ሠሪ ነሽ?" ሲል አባቴን ጠየቃቸው።

አባቴ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዩ። "ማንን ነው የሚለው?" አሉኝ።

"እርስዎን ነው አባዬ።"

እቴቴ ከጎጆዋ ውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። አባቴ አልሳቁም። "ብረት አይደለም፤ ብር ነው የምሠራው" አሉት። ሰውየው ግን እጃቸውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ራዲያተር ተቀድዶ ውሃው ይንጠባጠባል። አባቴ ያየሁት ነገር ሁሉ ይሠራል የሚሉ ሰው ናቸው። ጠላት ነው ብለው ቢያመነቱም ቀዳዳውን ሲያዩ እጃቸው አላስቻላቸውም። ፍም አስመጥተው፣ ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጠው ቀዳዳውን ደፈኑለት። ታዲያ የቀለጠው እርሳስ አንድ ጠብታ እጃቸው ጀርባ ላይ ወደቀ።

"ምንም አይደለም" አሉ። አባቴ ምንም አይደለም ሲሉ ነገሩ ከባድ እንደሆነ እኔና እቴቴ እናውቃለን።

በሳምንቱ ቁስሉ መገለ። እቴቴ ቅቤ ቀባችው፣ ማር ለጠፈችበት፤ አልሻር አለ። ሾፌሩ ሊያመሰግን ተመልሶ ሲመጣ እጃቸውን አይቶ ራሱን ያዘ። በማግስቱ አንዲት ቡናማ ብልቃጥና ንጹሕ ጥጥ ይዞ መጣ። ቁስሉን በፈላ ውሃ አጠበ፤ ከዚያ ከብልቃጧ ጠብ ጠብ እያደረገ አራሰው፤ ጠዋትና ማታ እንዲህ አድርጉ ብሎ ለእኔ አሳየኝ። አሥር ቀን ያህል እንዳለኝ አደረግሁ። ቁስሉ ደረቀ።

አባቴ እጃቸውን እያገላበጡ "ይሄ መድኃኒት ምንድን ነው?" አሉት።

ሾፌሩ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል በጣቱ ጠቆመ። "ይህ ነው። ብር።"

"ብር?" አባቴ ብልቃጧን ተቀብለው ወደ ብርሃን አቀኑዋት፣ ነቀነቁዋት፣ አሸተቱዋት። "ብር ቢሆን እኔ አላውቀውም?"

ሾፌሩ በቃልም በእጅም አስረዳን። በወጣትነቱ በአገሩ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሁለት የብር ሽቦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ ያቆየዋል። ብሩ እንደ አቧራ፣ ከአቧራም በደቀቀ፣ በውሃው ውስጥ ይበተናል። ዓይን አያየውም።

አባቴ የዚያን ቀን እራት አልበሉም። "አርባ ዓመት ሙሉ ብር አቅልጫለሁ፣ ቀጥቅጫለሁ፣ ስቤያለሁ" አሉኝ። "አንድም ቀን 'ውሃም መሆን እችላለሁ' ብሎኝ አያውቅም።" እንደ ቅሬታ አስመስለው ነው የተናገሩት፤ ልክ አብሮ የኖረ ወዳጅ ምስጢር እንደ ደበቃቸው።

እንግዲህ እንሠራለን ተባለ። ኤሌክትሪኩ ከሾፌሩ የሚመጣ ሆነ፤ ለመኪና ማስነሻ አቅም ያጣ አሮጌ ባትሪ ነበረው። ውሃው ግን ችግር ሆነ። የምንጭ ውሃ ቀድተን የባትሪውን ሁለት ሽቦ ብንነክርበት ወዲያው አጓት መሰለ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። የሚያስፈልገው በእንፋሎት ተነሥቶ መልሶ የተንጠባጠበ ውሃ ነው፤ ምንም ነገር ያልተቀላቀለበት። ባትሪውም የሚጠጣው እንዲህ ያለውን ውሃ ነው፤ እሱንም ከጦር ሰፈሩ በልመና ነው የሚያገኘው።

አባቴና እኔ ተያየን። ሁለታችንም ወደ እቴቴ ጎጆ ዞርን።

"ምን? ውሃ ላውጣ?" አለች እቴቴ። "ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው፣ ውሃ ጥጄ ውሃ ላውጣ? ሰው ቢያየኝ አበደች አይለኝም?"

"ለእኔ ብለሽ" አሉ አባቴ።

"ላንተ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ለዚያ ሰውዬ ባትሪ ከሆነ ግን እንጨቴን አላቃጥልም።" እቴቴ ለጣሊያን ያላት ጥላቻ የሚበርድ አልነበረም፤ ብዙ ዘመዶቿ ከአርበኞች ጋር በረሃ ነበሩ። ሾፌሩ ግን ጎጆዋ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና "አንተ ጎበዝ ሴት ነህ" አላት። ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

የአረቄ ማውጫውን ሦስት ጊዜ በአመድ አጥበን፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ብቻ አወጣንበት። የመጀመሪያው አረቄ አረቄ ሸተተ። ሁለተኛውም ሸተተ። ሦስተኛውን እቴቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችው። "ምንም አይልም" አለች፤ "ምንም የማይል ነገር ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው።" ግማሹን ሾፌሩ ለባትሪው ወሰደ፣ ግማሹ ለእኛ ቀረ።

አባቴ ሁለት ጠገራ ብር አወጡ። በሽቦ አሥረው፣ ብርጭቆው ውስጥ ሳይነካኩ አንጠልጥለው፣ ከባትሪው ጋር አያያዙት። ሁላችንም ዙሪያውን ከብበን ቁጭ አልን። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ቆይቶ ከአንደኛው ጠገራ ደቃቅ አረፋ መነሣት ጀመረ፤ ሌላኛው ጠቆረ። እኩለ ቀን ሲሆን ውሃው ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ሆነ።

ሾፌሩ ተደናገጠ። "ይህ ጥሩ አይደለም። ለምን እንዲህ?"

በዚህ ጊዜ ነው አባቴ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲበራ ያየሁት። "አንተ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ" አሉት። "ጠገራ ብር ጥሩ ብር አይደለም፤ መዳብ አለበት። ያየኸው የመዳቡን ቀለም ነው።" ወዲያው ወናፉ ከግድግዳ ወረደ። የአጥንት አመድ በውሃ አቡክተው ጎድጓዳ ማቅለጫ ሠሩ፤ ጠገራውን ከእርሳስ ጋር አቀለጡት። እርሳሱ መዳቡን ይዞ አመዱ ውስጥ ሰመጠ፤ ከመሐል ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ጥሩ ብር ቀረ። እሱን ቀጥቅጠው፣ በቀዳዳ ብረት ስበው፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አደረጉት። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ፤ ማቃጠሉን፣ ጭሱን፣ የአባቴን ጉርምርምታ ሁሉ ምን ያህል ናፍቄው እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

በሁለተኛው ሙከራ ውሃው አልቀለመም። ከሰዓት በኋላ እንደ ቀጠነ ጠላ ትንሽ ቢጫ አለ፤ ከዚያ በላይ ምንም።

"ብሩ ገብቷል?" አልኩ።

"ማን ያውቃል?" አሉ አባቴ። "ወርቅ እንኳ በድንጋይ ተፈትሾ ነው የሚታመነው።"

መፈተሻውን ሾፌሩ አሳየን። አንድ ማንኪያ ከውሃው ቀድቶ የጨው ቅንጣት ጣለበት። ወዲያው ወተት የነካው ይመስል ደፈረሰ። እቴቴ ያወጣችው ባዶ ውሃ ላይ ጨው ሲጣል ግን እንደ ጠራ ቀረ። አባቴ ይህን አሥር ጊዜ ሳያደርጉት አልቀሩም፤ እቴቴ "ጨው ተወድዷል" እስክትላቸው ድረስ። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ አስገረመን። የአባቴ ብር መሥሪያ ክፍል መስኮት መዝጊያ ላይ አንዲት የጉጥ ቀዳዳ ነበረች። ክረምቱ ለቅቆ ፀሐይ እንደወጣች በሩንና መስኮቱን ዘግተን፣ በቀዳዳዋ የሚገባው ጨረር ላይ ሁለቱን ብርጭቆ አቆምን። በባዶው ውሃ ውስጥ ጨረሩ አይታይም፤ እንደሌለ ያልፋል። በብሩ ውሃ ውስጥ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ እንደ ሸማ ድር ታየ።

አባቴ ቀስ ብለው ተንበረከኩና ከጎን ተመለከቱት። ብዙ ቆዩ። "ያውና" አሉ። "እዚያው ነው ያለው።"

ሦስተኛው ፈተና የራሳቸው የአባቴ ፈጠራ ነው። ሁለት ኩባያ ወተት አስቀመጡ፤ አንዱ ላይ የብሩን ውሃ ጠብ አደረጉ። በማግስቱ አንደኛው ሲረጋ ብር ያለበት ገና አልረጋም። አባቴ ጎረቤት ሊጠሩ ተነሡ። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለቱም እርጎ ሆኑ።

"ለአንድ ቀን ልዩነት ነው ይሄ ሁሉ እንጨት የነደደው?" አለች እቴቴ፣ እርጎውን እየጠጣች።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ። አንዱ ለሆዱ ሊጠጣ፣ ሌላው ለራስ ምታቱ ይመጣል። አባቴ እምቢ አሉ። "በቁስል ላይ አይቼዋለሁ፤ በሆድ ውስጥ አላየሁም። ያላየሁትን አልሰጥም።" ለቁስል ግን ይሰጡ ነበር፤ ያውም መጀመሪያ በፈላ ውሃ ታጥበህ ና እያሉ።

እቴቴ ብቻ ሳታስፈቅድ ወሰደች። ለመስቀል በዓል የምትለብሳት ነጭ ነጠላ ነበረቻት፤ ጥበቧ አዲስ። በብር ውሃ ብነክራት እንደ ብር ታበራለች ብላ አሰበች። ነክራ ጨምቃ አጥር ላይ ሰጣቻት፤ ፀሐይዋ ደግሞ የመስከረም ፀሐይ ናት። እኔ ከወንዝ ስመለስ እቴቴ አጥሩ ሥር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች። ነጠላዋ ጠቁራለች። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ብትሆን ይሻል ነበር፤ እዚህ አመድማ፣ እዚያ ወይን ጠጅ፣ መሐሏ ላይ እንደ ዝንጉርጉር ጅግራ።

"ወንድሜ!" ብላ ጮኸች። "ብርህ ከሰል ነው!"

አባቴ ሮጠው ወጡ። ነጠላዋን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ያችን የመጀመሪያዋን ቡናማ ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ። "ለዚህ ነው!" አሉ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "ለዚህ ነው ብልቃጧ ቡናማ የሆነችው! ፀሐይ ያጠቁረዋል!"

"እኔ ስለ ነጠላዬ እነግርሃለሁ፣ አንተ ስለ ብልቃጥ ትነግረኛለህ" አለች እቴቴ። ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም። መስቀልን በእኔ ነጠላ አከበረች፤ እኔ ደግሞ በእሷ። ሰው አዲስ የመጣ የጣሊያን ቀለም መስሎት ከየት አገኘሽው እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

የደስታችን ነገር ሲበዛ የሚያይ ዓይንም በዛ። ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጡ። አንድ ሹም፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደርና አንድ አበሻ አስተርጓሚ። በእኛ ቤት ሽቦና ባትሪ አለ፣ ከአርበኞች ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። ሾፌሩ በዚያን ቀን ወደ ሉማሜ መንገድ ወጥቷል። ባትሪው የጦር ሠራዊቱ ንብረት ነው፤ ቢገኝ የሱም ነገር የእኛም ነገር እዚያው ያልቃል። ባትሪውን ደግሞ ከመሥሪያ ክፍሉ ጥግ ቁርበት አልብሰነው ነበር፤ ጫፉ ግን ወጣ ብሎ ይታያል።

ሹሙ ብርጭቆውንና ሽቦውን አነሣ። "ይህ ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ተረጎመ።

"ብር እያጠብኩ ነው" አሉ አባቴ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም።

አስተርጓሚውን ከተማው ሁሉ ይጠላው ነበር፤ እኔም ጭምር። ለጣሊያን ያደረ ወጣት ነው። ዓይኑ ቁርበቱ ላይ አርፎ አየሁ።  እሱ ግን ወደ አባቴ ዞረና፣ ድምፁን እንደ ጠያቂ አክርሮ፣ "አባቴ፣ ይሄ ብር እዚህ ከቆየ ይጠፋል። ብር ቢል ይሻለዋል" አላቸው።

ሹሙ ብር፣ ብር የሚለውን ብቻ ሰማ፤ ስለ ብር እየተነጋገሩ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሰማሁት። ብር ይበል፤ ይብረር፤ ከዚህ ይውጣ ማለቱ ነው። አባቴም ሰምተዋል፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታ አየሁ።

አስተርጓሚው ቀጥሎ ለሹሙ አንድ ነገር ነገረውና ውሃው የሚወጣው ከዚያ ነው ብሎ የእቴቴን ጎጆ አሳየው። ተያይዘው ወደዚያ ሄዱ። እቴቴ ደግሞ የሆነው ገብቷት ይሁን ልማዷ ሆኖ፣ ገና ከመግባታቸው መለኪያ አቀረበች።

እኔ ባትሪውን አነሣሁት። ክብደቱ የእንስራ ውሃ ነው። ቅርጫት ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ እርጥብ እበት ጫንኩበትና በጀርባዬ አዘልኩት። በሩ ላይ ያለው ወታደር አስቆመኝ፤ ጎንበስ ብሎ አየና አፍንጫውን ይዞ በእጁ ሂጂ አለኝ። ከግቢው ጀርባ ያለው የእበት ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ስመለስ ጀርባዬን የሆነ ነገር ይለበልበኛል። ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ ቀሚሴን እንደ ወንፊት በስቶታል።

ሹሙ ከእቴቴ ጎጆ ሲወጣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ቁጣውም በርዷል። ግን ግዴታውን አልረሳም። ብርጭቆውን ለአባቴ ሰጣቸውና "መርዝ ካልሆነ ጠጣው" አለ። አባቴ ለማንም አልሰጥም ያሉትን ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጠጡት። ሹሙ ጠበቀ። ምንም አልሆነም።

"ምን ይላል?" አለ በአስተርጓሚው አፍ።

"ማንኪያ የላስኩ ያህል ነው" አሉ አባቴ።

ሄዱ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀርቶ ለአባቴ እጅ ነሣ። "የት ነው የተማርከው?" አሉት በቀስታ።

"ቅኔ ቤት ነበርኩ። አልጨረስኩም።"

"ጨርሰሃል" አሉት።

ሾፌሩ ሲመለስ የሆነውን ነገርነው፤ በላብ ተጠመቀ። በባትሪው ምክንያት አንዳች ነገር እንዳይደርስብን ብሎ ከእበቱ ውስጥ አውጥቶ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሊሰናበተን የመጣ ዕለት የአባቴን እጅ፣ ጠባሳው ያለበትን፣ በሁለት እጁ ያዘ። "አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ" አላቸው።

"አንቺም" አሉት አባቴ።

ከሠራነው ውሃ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ያህል ጨለማ ጓዳ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን አስተርጓሚው ብቻውን፣ ያለ ዩኒፎርም መጣ። ቁስል የሚያጥብ ውሃ እንዳለን ጠየቀ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ስድስቱን ጠርሙስ እንዳይሰበሩ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ከተማው ውስጥ ከዳ፣ አርበኞቹ ጋ ገባ የሚል ወሬ ተሰማ። አባቴ ያን ቀን ያለ ምክንያት ሲያፏጩ ዋሉ።

ወር ያህል ቆይቶ ከአምበር በኩል እህል ይዛ ለገበያ የመጣች ሴት ደጃችን ላይ ጭነቷን አወረደች። ከአርበኞቹ መልእክት አላት። አባቴ ፈጥነው ተነሡ።

"ውሃው ደህና ነው ብለዋል" አለች ሴትዮዋ። "ግን ከውሃው ይልቅ የጠቀለላችሁበት ጨርቅ ነው ለቁስል ማሰሪያ የጠቀመን፤ እባካችሁ ንጹሕ ጨርቅ በብዛት ላኩልን ብለዋል።"

 እኔ ለአባቴ አዘንኩላቸው። ያ ሁሉ ጠገራ፣ ያ ሁሉ ወናፍ፣ ያ ሁሉ የጨው ቅንጣት። እቴቴ ከንፈሯን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። አባቴ ሴትዮዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደንግጬ ተጠጋሁ። እየሳቁ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ፣ ግድግዳ እስኪደገፉ ሳቁ፤ እኛም አብረን።

በማግስቱ በማለዳ ስነሣ ከደጅ ጭስ ይሸታል። አባቴ በሕይወታቸው ጨርቅ አጥበው የማያውቁ ሰው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ትልቁን ጋን ጥደው፣ ከየጎረቤቱ የለመኑትን አቡጀዲ በዱላ እያማሰሉ ያፈላሉ። እቴቴ ከጎናቸው ቆማ አመድ በዛ፣ እንዶድ አነሰ እያለች ታዝዛቸዋለች። እኔም መቀስ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።